ለትምህርት ቤት ድራማ መብራት አሠራር፦ ከፊት የሚጀምር ዝርዝር መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ በወላጆች ቀን የሚቀርቡ ድራማዎች ላይ ደጋግሞ የሚታይ ችግር አለ። መድረኩ በቀይ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ ይንቦገቦጋል፤ የተዋናዩ ፊት ግን አይታይም። አምስተኛ ረድፍ ላይ የተቀመጠች እናት ልጇን የምትለየው በድምፁ ነው። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የመብራት ማነስ አይደለም። ቀለም ስለሚቀድምና ፊት ስለሚረሳ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ፊትን ያስቀድማል። ደረጃ አትዝለሉ፤ በተለይ 3ኛውን።

መመሪያው ከ6 እስከ 10 መብራት ለማግኘት ለሚችሉ፣ አዳራሻቸውም ለስብሰባም ለፈተናም ለሚያገለግል የድራማ ክበቦች ነው።

ደረጃ 1፦ ስክሪፕቱን እርሳስ ይዛችሁ አንብቡ

መብራት ከመንካታችሁ በፊት ሦስት ነገር ምልክት አድርጉ፦ ጊዜ የሚቀየርበትን፣ ቦታ የሚቀየርበትንና ተመልካቹ አንድ ሰው ላይ ብቻ እንዲያተኩር የምትፈልጉበትን። ከዚያ አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አዘጋጁ፦ ገጽ፣ ከለውጡ በፊት የሚነገረው የመጨረሻ ቃል፣ ምን እንደሚቀየር፣ በስንት ሰከንድ። ለምሳሌ፦ «ገጽ 7፤ “እማዬ፣ ታንኳዋ አልተመለሰችም” ሲል፤ የቀኙ ይጠፋል፣ የግራው ይቀራል፤ በ5 ሰከንድ።»

ለ30 ደቂቃ ድራማ ከ10 እስከ 15 ለውጥ በቂ ነው። ከ20 በላይ ከሆነባችሁ ቀንሱ። በየዓረፍተ ነገሩ የሚቀያየር መብራት ተመልካቹን ከታሪኩ ያወጣዋል፤ ተቆጣጣሪው ልጅም ይሳሳታል።

ደረጃ 2፦ አዳራሹን ለኩ፣ የቀኑን ብርሃን ዝጉ

የትምህርት ቤት ድራማ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ከሰዓት በኋላ በ8 ወይም በ9 ሰዓት ነው። በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ መስኮቱ ካልተሸፈነ የምትሠሩት መብራት ሁሉ ከንቱ ነው። በታኅሣሥም ቢሆን እስከ 12 ሰዓት ብርሃን አለ። ወይ ሰዓቱን ወደ ምሽት አዛውሩ፣ ወይ መስኮቶቹን በጥቁር ፕላስቲክ ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኑ። ፕላስቲኩን በሁሉም ጠርዝ እሰሩት፤ የሐይቁ ንፋስ ከገባበት ድራማው መሃል ላይ መንኳኳት ይጀምራል። መውጫ በሮች አይሸፈኑም፣ አይቆለፉም።

መሸፈኑ በቂ መሆኑን እንዲህ ፈትሹ፦ ድራማው በሚቀርብበት ሰዓት መብራቱን ሁሉ አጥፉና መድረኩ ላይ ደብተር ግለጡ። ጽሑፉ የሚነበብ ከሆነ ገና አልጨለመም።

ቀጥሎ የመድረኩን ስፋት፣ ጥልቀትና መብራት የሚሰቀልበትን ከፍታ ለክታችሁ ካሬ ደብተር ላይ ሳሉት፤ አንድ ካሬ ግማሽ ሜትር ይሁን። 6 ሜትር ስፋትና 4 ሜትር ጥልቀት ያለው መድረክ በ2 ሜትር በ2 ሜትር ሲከፈል ስድስት ክፍል ይወጣዋል። በጠመኔ ወለሉ ላይ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ስጡ። ቀኝና ግራ የሚባለው ወደ ተመልካቹ ዞሮ ለቆመ ተዋናይ ነው፤ ይህን መጀመሪያ ካልተስማማችሁበት ልምምድ ላይ ግማሽ ሰዓት በክርክር ያልቃል።

መድረካችሁ ሰንደቅ ዓላማው ፊት ለፊት ያለው የሲሚንቶ መድረክ ከሆነና ድራማው በቀን ከሆነ መብራቱን ተዉት። ፀሐይዋ የተዋናዮቹ ፊት ላይ እንድታርፍ ሰዓቱንና የአቋቋማቸውን አቅጣጫ ብቻ አስተካክሉ።

ደረጃ 3፦ ኤሌክትሪኩን አስሉ

ይህ ሲዘለል ድራማው መሃል ላይ ብሬከር ይወድቃል፤ ሲከፋም ገመድ ይቀልጣል።

1. በየመብራቱ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ዋት መዝግቡ።
2. ደምሩና ለ220 አካፍሉ። የሚወጣው አምፔር ነው። አንድ ባለ 500 ዋት ሃሎጅን ፓውዛ 2.3 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ አራት ሲሆኑ 9.1። ባለ 100 ዋት ኤልኢዲ ግን ግማሽ አምፔር አይሞላም።
3. ኤክስቴንሽኑ ላይ 10 አምፔር ከተጻፈ ከ7.5 በላይ አትጫኑበት። ስለዚህ ሦስት ሃሎጅን እንጂ አራት አይሰካበትም። ምንም ያልተጻፈበትን ኤክስቴንሽን ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ።
4. የትኛው ሶኬት በየትኛው ብሬከር እንደሚሠራ እወቁ። በእያንዳንዱ ሶኬት አንድ አምፖል ሰክታችሁ ብሬከሮቹን ተራ በተራ አውርዱ፤ የጠፋውን መዝግቡ። ብዙ አዳራሽ ውስጥ ሶኬቶቹ ሁሉ በአንድ ብሬከር ላይ ናቸው። እንዲያ ከሆነ ሃሎጅኑን ትታችሁ በኤልኢዲ ብቻ ሥሩ።
5. ከተቻለ የድምፅ መሣሪያውን ከመብራቱ የተለየ መስመር ስጡት። ዲመር (የብርሃን መቀነሻ) ካለበት መስመር ጋር ሲጋራ ስፒከሩ ውስጥ እዝ የሚል ድምፅ ይገባል።

የማይታለፉ ክልከላዎች አሉ። ስፒና የሌለውን ገመድ ሁለት ጫፉን ልጣችሁ በክብሪት እንጨት ሶኬት ውስጥ አትወትፉ። ይህን አዳራሾቻችን ውስጥ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ገመዱ በእግር ሲነካ ይወጣል፣ ኤሌክትሪክ ያለበት ጫፍም መሬት ላይ ይተኛል። ኤክስቴንሽንን በኤክስቴንሽን ላይ አትሰኩ። የተጠቀለለ ገመድ ይግላል፤ ሙሉ በሙሉ ፍቱት። ባለ ሦስት መስመር ገመድ ላይ የመሬቱን መስመር አትቁረጡ፤ መብራቱ ብረት ቋሚ ላይ ሲቆም ተማሪውን የሚጠብቀው እሱ ነው። የብሬከር ሳጥኑን የውስጥ ሽፋን ፈቶ ሽቦ የሚነካው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ብቻ ነው። በሰኔ ዝናብ ጫማው የራሰበት ተማሪ ስፒና አይንካ።

ሁሉንም አብርታችሁ 20 ደቂቃ ቆዩና ገመዶቹን ከላይ በእጅ ዳስሱ። የሞቀ ገመድ ካለ ጭነቱን ቀንሱ። ሰው ኤሌክትሪክ ቢይዘው መጀመሪያ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ከዚያ በፊት ማንም አይነካውም። ስለዚህ ብሬከሩ የት እንዳለ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ይኑሩ፤ የሳጥኑ ቁልፍም ድራማው እስኪያልቅ አጠገባቸው ይሁን።

ደረጃ 4፦ መሣሪያ ምረጡ

ለጀማሪ የሚሻለው ኤልኢዲ ፓር፣ ማለትም ቀለም የሚቀያይረው ክብ የመድረክ መብራት ነው፤ ሠርግና ዝግጅት የሚያበሩ ሰዎች ያከራዩታል። ከመከራየታችሁ በፊት እያንዳንዱን አብሩ፤ ነጭ ሲባል ነጭ መስጠቱን፣ ከውስጡ የሞተ አምፖል አለመኖሩን ተመልከቱ። ሁለተኛው አማራጭ ለግቢ የሚተከለው ኤልኢዲ ፓውዛ ነው፤ ርካሽና ብሩህ ነው፣ ግን በተራ ዲመር አይቀንስም፤ ይርገበገባል ወይም ይበላሻል። ብርሃኑን ለመቀነስ አርቁት፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ፊት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ሩብ ይሆናል።

ሃሎጅን ለፊት መልካም ብርሃን ይሰጣል፤ እሳት የሚያስነሳውም እሱ ነው። ከመጋረጃ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። አምፖሉን በባዶ ጣት አትንኩ፤ የእጅ ቅባት የነካው ቦታ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። ባለቀለም ፌስታል ወይም የስጦታ መጠቅለያ አትሸፍኑበት፤ ይቀልጣል፣ ይቀጣጠላል።

ደረጃ 5፦ መብራቱን ቦታው ላይ አድርጉ

ፊት በደንብ የሚታየው መብራቱ ከፊት፣ ከላይና ከጎን በ45 ዲግሪ ገደማ ሲመጣ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት መብራት ይታሰባል፦ አንዱ ከቀኝ፣ አንዱ ከግራ። አንዱ ብቻ ከሆነ ግማሽ ፊት ይጨልማል፤ ሁለቱም ከመሃል ከሆኑ አፍንጫና ጉንጭ ተለይተው አይወጡም፣ ፊት ዝርግ ይሆናል።

ዲግሪ መለኪያ አያስፈልግም። መብራቱ ከተዋናዩ ፊት 2 ሜትር ከፍ ካለ ወደ ተመልካቹ በኩል 2 ሜትር ይራቅ፤ 3 ሜትር ከፍ ካለ 3 ሜትር። ከፍታ ከጠፋ 30 ዲግሪ ድረስ መውረድ ይቻላል፤ ርቀቱ የከፍታው 1.7 እጥፍ ሲሆን ማለት ነው። ከዚያ በታች ከወረደ ጥላው ከኋላ ግድግዳ ላይ ግዙፍ ሆኖ ይቆማል፤ ያኔ ተዋናዮቹን ከግድግዳው 1.5 ሜትር ወደፊት አምጧቸው። ከወለል ወደ ላይ የሚያበራ መብራት አገጭና አፍንጫ ሥር ያበራል፤ ለጣረ ሞት ካልሆነ አትጠቀሙበት።

መብራት ካነሰባችሁ ስድስቱን እንዲህ ክፈሉት፦ አራቱ ከፊት፣ ሁለት ከቀኝ ሁለት ከግራ፤ ሁለቱ ከኋላ፣ ከላይ ወደ ትከሻ። የኋላው መብራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጥቁር መጋረጃ ፊት ለፊት የቆመ ጥቁር ፀጉር ያለው ልጅ ግን ያለ እሱ ከመጋረጃው አይለይም፤ ፊቱ ብቻ ተንሳፍፎ ይታያል። ሁለቱን ወደ ፊት አታዛውሩብኝ።

ስለ መስቀያው፦ ኮርኒስ መብራት አይሸከምም። የሚሰቀለው ከጣሪያው ብረት ወይም ከታሰረ ቱቦላሬ ላይ ነው፤ ጥንካሬውን ብየዳ የሚያውቅ ሰው ይመልከተው። እያንዳንዱ መብራት ከዋናው ቡሎን ሌላ ሁለተኛ መያዣ፣ ማለትም በብረቱ ላይ ዞሮ የተቋጠረ ጠንካራ የብረት ገመድ ወይም ሰንሰለት ይኑረው። ሲባጎ አይሆንም። መሰላል ላይ የሚወጣው አዋቂ ነው፤ አንድ ሰው ከታች ይይዛል፣ ሥሩ ማንም አይቆምም። መስቀያ ከሌለ ቱቦላሬ በቀለም ጣሳ ውስጥ በሲሚንቶ ተክላችሁ ቋሚ ሥሩ፤ እግሩ ላይ የአሸዋ ጆንያ ጫኑበት፤ የቆመበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ ገመዱን ወለሉ ላይ በሰፊ ፕላስተር ለጥፉት።

ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ተውኔት ሲኖር ክበቡን ይዛችሁ ግቡ። ለአንድ ትዕይንት ያህል ተዋናዩን ትታችሁ ጥላው በየት በኩል እንደወደቀ ብቻ ተከተሉ፤ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ጥላው ይነግራችኋል።

ደረጃ 6፦ አነጣጥሩ

አዳራሹን አጨልሙ። አንድ መብራት ብቻ አብሩ። አንድ ተማሪ በየክፍሉ ይቁም፤ መብራቱን የሚያዞረው ሰው የሚመለከተው ወለሉን ሳይሆን የተማሪውን ፊት ነው። ወለሉ ላይ የሚያምር ክብ ያለበት መብራት ብዙ ጊዜ የሚያበራው እግር ነው። ስድስቱም ሲያልቁ ሁሉንም አብርታችሁ ተማሪው ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ይራመድ። ፊቱ የሚጨልምበት ቦታ ካለ ቆም በሉና ሁለቱን አጎራባች መብራቶች አቀራርቡ። ከዚያ በጣም አጭሩና በጣም ረጅሙ ተዋናይ በተራ ይራመዱ።

ነጠላና ጋቢ

ይህን ለብቻው ያነሳሁት የእኛን ድራማዎች በብዛት የሚያበላሸው እሱ ስለሆነ ነው። ነጭ ነጠላ ብርሃንን ከፊት ቆዳ በጣም አብልጦ ይመልሳል። ስለዚህ የተመልካቹ ዓይን ወደ ልብሱ ይሄዳል፤ ፊት ከነጩ አጠገብ ይጠቁራል። ብርሃን ስትጨምሩ ልብሱ ይብሳል እንጂ ፊቱ አይወጣም። ማድረግ ያለባችሁ፦

- ለመድረክ ብቻ የሚሆነውን ነጠላ ቀዝቀዝ ባለ ሻይ ውስጥ ጥቂት ዘፍዝፋችሁ አድርቁት። ከሩቅ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ አያንጸባርቅም። መጀመሪያ በቁራጭ ጨርቅ ሞክሩ። ከእናት የተዋሰ ነጠላ ግን አይነከርም።
- የፊቱን መብራት ትንሽ ቀንሱና የጎኑን አጠንክሩ።
- ነጠላውን ራሷ ላይ ያደረገች ተዋናይት ከ45 ዲግሪ በሚመጣ ብርሃን ግንባሯና ዓይኗ ጥላ ውስጥ ይገባሉ። ለእሷ ክፍል አንድ መብራት ዝቅ አድርጉ፤ ልብሱም ከግንባሯ ሁለት ጣት ወደ ኋላ ይሳብ።

ይህን የምታረጋግጡት በልምምድ ልብስ አይደለም። ትክክለኛውን ልብስ አልብሱ።

ደረጃ 7፦ ቀለም

አሁን ብቻ። ከፊት የሚመጣው ብርሃን ነጭ ወይም ወደ ቢጫ ያደላ ይሁን፤ ቀለሙን ከኋላና ከጎን አምጡ። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብቻ ያላቸው ፓሮች ሦስቱን እኩል ስትከፍቷቸው የሚሰጡት ነጭ ብዙ ጊዜ ለእኛ ቆዳ አመድ ይመስላል። ቀዩን ሙሉ አድርጉና ሰማያዊውን ወደ ግማሽ፣ አረንጓዴውን ከቀዩ ዝቅ አድርጉ፤ ፊት ሕይወት ይዘራል። አረንጓዴ ፊት ላይ በሽታ ነው።

ሌሊት ለማሳየት አታጨልሙ። ከኋላ ሰማያዊ ሙሉ፣ ከፊት ነጭ በትንሹ። ተመልካቹ ሌሊት መሆኑን ይረዳል፤ ፊትም አይጠፋም። የሐይቅ ዳር ንጋት ከፈለጋችሁ ከአንድ ጎን ብርቱካናማ በ30 ሰከንድ ቀስ ብሎ ይምጣ። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት የሚጥል በሽታ ባለበት ሰው ላይ በሽታውን ሊቀሰቅስ ስለሚችል በትምህርት ቤት መድረክ ላይ ባይኖር እመርጣለሁ።

ደረጃ 8፦ መቆጣጠሪያውን አገናኙ

ፓሮቹ በዲኤምኤክስ ገመድ፣ ማለትም የመቆጣጠሪያውን ትእዛዝ ወደ መብራቶቹ በሚያደርስ ገመድ፣ እርስ በርስ ይያያዛሉ፦ ከመቆጣጠሪያው ወደ መጀመሪያው፣ ከመጀመሪያው መውጫ ወደ ሁለተኛው መግቢያ። ለእያንዳንዱ በጀርባው ባለው ትንሽ ሰሌዳ የመነሻ ቁጥር ስጡ። መብራቱ 7 ቻናል (የትእዛዝ መስመር) የሚጠቀም ከሆነ የመጀመሪያው 1፣ ሁለተኛው 8፣ ሦስተኛው 15፣ አራተኛው 22 ነው። ሁለት መብራት አንድ ቁጥር ከያዙ አብረው ይሠራሉ፤ የኋላዎቹን ሁለቱን ሆን ብላችሁ እንዲያ ማድረግ ትችላላችሁ።

መቆጣጠሪያ ከሌለ ባለሙያ አንድ ጣውላ ላይ ሦስት ማብሪያ ማጥፊያ ይሥራላችሁ፦ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ፣ የኋላ። በየማብሪያው ሥር ስሙን በፕላስተር ለጥፉ። በሦስት ማብሪያ የተሠራ ንጹሕ ድራማ ከአሥር ፓር ግርግር ይበልጣል።

*መብራቱ በራሱ ቀለም የሚቀያይር ከሆነ፦* አልተበላሸም፤ በድምፅ ወይም በራሱ በሚሠራበት ሁኔታ ላይ ነው። ከሰሌዳው ወደ ዲኤምኤክስ መልሱት።

*አንዱ ከሠራ፣ ከእሱ በኋላ ያሉት ካልሠሩ፦* ችግሩ ብዙ ጊዜ በሁለቱ መካከል ያለው ገመድ ነው። ቀይሩት።

*ሁሉም የሚርገበገቡ ከሆነ፦* የማይክ ገመድ ተጠቅማችሁ ይሆናል፤ በዲኤምኤክስ ገመድ ተኩት። ካልተሻለ የመጨረሻው መብራት መውጫ ላይ 2ኛውንና 3ኛውን ፒን የሚያገናኝ ባለ 120 ኦም ሬዚስተር ያለው መዝጊያ ሰኩ።

ደረጃ 9፦ የመብራት ልምምድ

ይህ ልምምድ ንግግሩን አይሸፍንም። ተዋናዮቹ ከለውጡ በፊት ያለውን ዓረፍተ ነገር ይላሉ፣ መብራቱ ይቀየራል፣ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል። አንድ ሰው ብቻ ስክሪፕቱን ይዞ ያዝዛል፦ «4 ተዘጋጅ»፣ ከዚያ «4 ሂድ»። መብራት የያዘው ልጅ «ሂድ» ካልተባለ አይነካም፤ በራሱ ግምት አይሠራም። የተሳሳተ ለውጥ ካለ እዚያው ሁለቴ ድገሙት። ቀጥሎ ሙሉውን ድራማ በልብስ አንድ ጊዜ ሂዱበት፤ መምህሩም መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ይመልከት።

ደረጃ 10፦ የዝግጅቱ ቀን

ድራማው ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ሁሉንም አብሩና አንድ በአንድ ፈትሹ። ወንበር ሲደረደር የተገፋ ቋሚ አይጠፋም፤ የጠመኔ ምልክቱ ላይ መልሱት። ለኤሌክትሪክ እሳት የሚሆን ማጥፊያ ወይም ደረቅ አሸዋ ከመቆጣጠሪያው አጠገብ ይኑር። ውኃ አይሆንም።

ምሽት ከሆነ ከሐይቁ በኩል ትንኝ ይመጣል። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት በዚያ በኩል ያሉትን መስኮቶች ዝጉ፤ ከውጭ፣ ከበሩ ራቅ ብሎ አንድ ነጭ መብራት አብሩ፣ ብዙው ወደዚያ ይሄዳል። ነጭና ሰማያዊ ብርሃን ከቢጫ የበለጠ ይስባል፤ ስለዚህ ድራማው እስኪጀምር መድረኩ ላይ ቢጫ ብቻ ይብራ።

መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚደረግ አስቀድማችሁ ለሁሉም ተናገሩ። ተዋናዮቹ ባሉበት ይቆማሉ፤ ማንም በጨለማ ከመድረክ አይወርድም። ሁለት ተማሪዎች ቻርጅ የተደረገ ትልቅ ባትሪ ይዘው ቀኝና ግራ ተቀምጠዋል፤ አብርተው ከትከሻ ከፍታ በላይ ይይዙታል፣ ድራማው ይቀጥላል። ጀነሬተር ካለ ከአዳራሹ ውጭ፣ ከመስኮት ርቆ ይቁም፤ ጭሱ ይገድላል። ከመነሳቱ በፊት የመብራቶቹን ማብሪያ አጥፉ፤ ተነስቶ ድምፁ ሲረጋጋ አንድ በአንድ አብሩ። መስመሩ ሲመለስም እንዲሁ።

ብሬከር ቢወድቅ ወዲያው አታንሱት። መጀመሪያ ግማሹን መብራት ንቀሉ፣ ከዚያ አንሱት። እንደገና ከወደቀ ሥራው የባለሙያ ነው፤ ድራማውን በባትሪ ጨርሱ።

ካለቀ በኋላ

ሃሎጅን ቢያንስ 20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ፤ ትኩሱን ማንም አይፍታው። የትንኙን ቅሪት ከመስታወቶቹ ላይ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ ካልተጠረገ በሚቀጥለው ጊዜ ሃሎጅኑ ላይ ይጨሳል። ገመዱን በክርን ላይ ሳይሆን በሰፊ ክብ ጠቅልሉት፤ በክርን የተጠመዘዘ ገመድ ውስጡ ይሰበራል። የሐይቁ እርጥበት ፒኖችን ስለሚያዝግ ገመዶቹን ከወለል ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ፤ የለውጦቹን ሠንጠረዥና የመድረኩን ሥዕል ደግሞ አብራችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ መቆጣጠሪያው ሳጥን ውስጥ ተዉ፤ የሚቀጥለው ዓመት ክበብ ከባዶ አይጀምርም።